ቀብድ አደራ ነው



በዚህ ወር በትእዛዝ የቤት ዕቃ እየሠራ ስለሚኖር አናጢና ስለ ደንበኞቹ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ ባለሙያውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ዐይኑን አንሥቶ ቤቱን ይመልከት። ከቤተ ሰቡ ጋር የሚበላበት ጠረጴዛ፥ ልጆቹ የሚተኙበት አልጋ፥ የክት ልብሱ የሚቀመጥበት ሣጥን፥ መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ፥ ይህ ሁሉ ከአናጢ እጅ የወጣ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ «አናጢ ቀጠሮ አያውቅም» የማይል ቤት አይገኝም። ቅሬታውን የሚናገር ብዙ ነው፤ ምክንያቱን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እኛም ሳንመረምር ብዙ ዘመን ኖረን፥ የመረመርነው ነገሩ በገዛ ቤታችን ከደረሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የመጻሕፍት መደርደሪያ አስፈልጎን ነበር። ቀድሞ ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ በሰፈራችን የአናጢ ቤት ከፍቶ ስለ ነበረ ወደ እርሱ ሄድን። ይህ ሰው እጁ የሠለጠነ፥ ዐይኑ የቀና ነው፤ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ግድግዳችንን ለክቶ፥ ንድፉን በወረቀት አሳይቶ 23,000 ብር ጠየቀን። እኛም «ፊደል አስቆጥረንህ የለምን?» እያልን ተከራክረን 20,000 ብር አደረስነው። ግማሹን ቀብድ ከፈልን፤ እርሱም «በአንድ ወር ውስጥ ይደርሳል» ሲል ቃል ሰጠን።

ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። መደርደሪያው ቤታችን የገባው ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። መልኩ ግን ያማረ ነበርና ቍጣችን በረደ፤ ቀሪውንም ገንዘብ ከፈልን። ከዚያ በኋላ የበጋው ፀሓይ በረታ፤ በመጋቢት ወር አንድ ሌሊት እንደ ጅራፍ የጮኸ ድምፅ ሰምተን ተነሣን። በነጋው ስናየው የመደርደሪያው ጀርባ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በዚያው ቀን ልንወቅሰው ወደ ቤቱ ሄድን።

በሩን የከፈተልን የሰባት ዓመት ልጁ ነው። «አባትህ አለ?» ብንለው ዐይኑን ወደ መሬት ሰበር አድርጎ «አባዬ የለም» አለን። በዚያው ጊዜ ግን ከጓሮው የመላጊያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጁም ድምፁን እኛ እንደ ሰማነው ዐወቀ፤ ፊቱም ቀላ። ወዲያው እናቱ ከጓዳ ወጥታ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ መሆንዎን አላወቀም። የሙሽራው አባት የመጣ መስሎት ነው። ዛሬ እንኳ ሁለተኛው ነው፤ ልጁንም እንዲህ ብሎ እንዲመልስ ያስለመድነው እኛ ነን» ብላ እንባዋን ጠረገች።

እውነቱን ለመናገር፥ በልባችን ይዘነው የሄድነው ወቀሳ በዚያ ደጃፍ ላይ ቀረ። ጥሩ ሙያ ያለው፥ ከጧት እስከ ማታ የሚሠራ፥ የማይሰክር፥ የማያባክን ሰው ልጁን ሐሰት እስኪያስተምር ድረስ ምን አደረሰው? ብለን ጠየቅን። ወደ ጓሮ ዘልቀን፥ በሰጋቱራው መካከል በርጩማ ስበን ተቀመጥንና፥ «እስቲ ደብተርህን አምጣ፤ አብረን እንቍጠር» አልነው። «መምህር፥ ደብተር የለኝም፤ ሁሉም በራሴ ውስጥ ነው» አለን። የመከራው ምንጭ ይኸው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቀን በወረቀት ያወጣነውን ስሌት፥ ባለሙያም ባለቤትም እንዲማርበት እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የእኛን መደርደሪያ ዋጋ ሲናገር በሐሳቡ የያዘው 10 ሳንቃ እያንዳንዱ በ700 ብር፥ ይኸውም 7,000 ብር ነበር። ለኮላ፥ ለብሎን፥ ለብርጭቆ ወረቀትና ለቫርኒሽ 1,500 ብር፤ ለረዳቱ የስምንት ቀን ዋጋ በቀን 400 ብር፥ 3,200 ብር ያዘ። ድምሩ 11,700 ብር ነው። በ20,000 ብር ሲስማማም 8,300 ብር ያተረፈ መስሎት ነበር።

የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ከሳንቃው ጉጥ ያለበት ተቈርጦ ይጣላል፤ የተጣመመው ሲላግ ይቀጥናል፤ የመጋዙ ጥርስ ራሱ በየቍርጡ ይበላል። ስለዚህ 10 ሳንቃ የተባለው ሥራ 13 ሳንቃ ፈጀ፤ ዋጋውም 9,100 ብር ሆነ። ሳንቃውን በመኪና መጋዝ ያሰነጠቀበት 900 ብር፤ እንጨቱን ለማምጣትና መደርደሪያውን ለማድረስ ለጭነት የከፈለው 1,200 ብር ነው። የሥራው ቤት ኪራይ በወር 6,000 ብር ነው፤ በወር ሁለት ትእዛዝ የሚጨርስ ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው 3,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ፥ ኮላውና የረዳቱ ዋጋ ሲታከልበት 18,900 ብር ሆነ። ለባለሙያው የቀረለት 1,100 ብር ብቻ ነው። እርሱ ራሱ ደግሞ በዚህ ሥራ 12 ቀን ደክሟል። ቢካፈል ለአንድ ቀን 92 ብር እንኳ አይሞላም። ረዳቱ በቀን 400 ብር ሲቀበል፥ ጌታው ከረዳቱ ሩብ እንኳ አላገኘም ማለት ነው።

ሰውየው ቍጥሩን ባየ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፥ «ታዲያ መምህር፥ እስከ ዛሬ በምን በላሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከባድ ቢሆንም ግልጥ ነበር፤ የበላው የሰው ቀብድ ነው።

ነገሩ የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። እኛ በጥቅምት የሰጠነው 10,000 ብር የእኛን እንጨት አልገዛም፤ በመስከረም የታዘዘውን የሌላ ሰው ቁም ሣጥን ማስጨረሻ ሆነ። የእኛ እንጨት የተገዛው በታኅሣሥ ከመጣ ደንበኛ ቀብድ ነው። የታኅሣሡ ዕዳ ደግሞ የተሸፈነው፥ ከፋሲካ በኋላ ልጁን ሊድር የሙሽራ አልጋና ቁም ሣጥን ካዘዘው ሰው ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ጥቂት ጥቂት ጐደሎ ስለ ነበረበት፥ የኋለኛው የፊተኛውን ጐደሎ እየሞላ ይሄዳል። አዲስ ደንበኛ እስከ መጣ ድረስ ጐደሎው አይታይም፤ ባለሙያውም ሥራ የበዛለትና የተባረከ ይመስለዋል።

ነገር ግን ለአናጢ የዓመቱ ወራት እኩል አይደሉም። በእኛ አገር የሠርግ ወር ጥር ነው፤ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ የሙሽራ ዕቃ የሚያዝዝ ይጠፋል፤ የሚያዝዝ ከጠፋ ቀብድ የለም። እንግዲህ በጾሙ መካከል የእኛ ሰው በእጁ ገንዘብ ሳይኖር፥ እንጨታቸው ያልተገዛ ሁለት ትእዛዞች፥ የኪራይ ቀንና የሚጠይቅ የሙሽራ አባት በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡበት። ልጁ በር ላይ «አባዬ የለም» ማለት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

ስለዚህ ለባለሙያዎች ሁሉ ልንል የምንወደው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ቀብድ ትርፍ አይደለም፤ አደራ ነው። አንድ ሰው ጎረቤቱ ዘንድ ያስቀመጠውን ገንዘብ ጎረቤቱ ለገዛ ጉዳዩ ቢያወጣው፥ «እመልሰዋለሁ ብዬ ነው» ቢል ማንም አይቀበለውም፤ አደራ በል ይባላል። ቀብድም እንዲሁ ነው። የባለሙያው ገንዘብ የሚሆነው ሥራው በተሠራ መጠን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ገንዘብ የደንበኛው እንጨት ነው፤ ገና ሳንቃ ያልሆነ እንጨት።

በዚያ ቀን ከባለሙያውና ከሚስቱ ጋር ተማክረን ያወጣነው ሥርዓት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ፖስታ ይደረጋል፤ በላዩ የደንበኛው ስም፥ የታዘዘበት ቀን፥ የተቀበለው ገንዘብና ዕቃው የሚደርስበት ቀን ይጻፋል። ቀብዱ በፖስታው ውስጥ ይቀመጣል፤ እንጨቱ በሦስት ቀን ውስጥ ይገዛል፤ ደረሰኙም በገንዘቡ ምትክ ይገባል። ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው መበደር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፖስታዎቹን የምትጠብቀው ሚስቱ እንድትሆን ተስማሙ፤ ምክንያቱም እርስዋ በሩን የምትከፍት ስለ ሆነች የደንበኞቹን ፊት ከእርሱ ይልቅ ታውቃለች።

አከፋፈሉም በሦስት ቢሆን መልካም ነው። ሲታዘዝ ግማሹ ይከፈላል፤ እርሱ ለእንጨትና ለሌላው ዕቃ ነው። ሥራው ተገጣጥሞ ቫርኒሽ ሳይቀባ ደንበኛው ተጠርቶ ሲያየው ሩቡ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ መጋጠሚያው ገና አልተሸፈነምና ደንበኛው የሚከፍልበትን ነገር በዐይኑ ያያል። ዕቃው ቤቱ ሲገባ የቀረው ሩብ ይከፈላል። እንዲህ ሲሆን ማንም በማንም ላይ ብዙ አይሠጋም።

ስለ ቀጠሮም አንድ ነገር እንጨምር። «በአንድ ወር» ያለው ባለሙያ ሠላሳውንም ቀን የሥራ ቀን አድርጎ አስቦ ነበር። እሑዶቹ፥ የሚያከብራቸው በዓላት፥ መብራት የጠፋባቸው ቀኖች፥ ለቅሶ የደረሰባቸው ቀኖች ሲቀነሱ የቀረው ከሃያ ቀን በታች ሆኖ ተገኘ። በዚያም ላይ ሁለት ሥራ ነበረበት። ስለዚህ ባለሙያ ቀን ከመስጠቱ በፊት በእርግጥ የሚሠራባቸውን ቀኖች ይቍጠር፤ ከዚያም ሩቡን ይጨምር። «ስድስት ሳምንት» ብሎ በአምስተኛው ያደረሰ ይመሰገናል፤ «አራት ሳምንት» ብሎ በአምስተኛው ያደረሰ ግን ይሰደባል። የሥራው ጊዜ አንድ ሲሆን ልዩነቱ በተናገረው ቃል ነው።

አሁን ወደ ተሰነጠቀው ጀርባ እንመለስ። እርሱም ከዚሁ ከቀብዱ ነገር የተለየ አይደለም። የእኛ እንጨት ዘግይቶ በመገዛቱ፥ ሳይደርቅ ተላገ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በእንጨት ላይ በሚገባ ይፈጸማል።

እንጨት ከተቈረጠም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፥ መልሶም ይሰጣል። በነሐሴ አልዘጋ ብሎ የሚያስቸግረው በር በጥር ሰፍቶት የሚንቋቋው ስለዚህ ነው፤ የቤት እመቤቶች ሁሉ ይህን ያውቁታል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። በወርዱም ቢሆን እኩል አይደለም፤ የግንዱን ክብ ቀለበት ተከትሎ የሚጠበው፥ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው አቅጣጫ ከሚጠበው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሳንቃ ሲደርቅ ይጣመማል። የእኛ መደርደሪያ ጀርባ በአራቱም ጠርዝ በኮላና በሚስማር ተጠርንፎ ነበር። እንጨቱ ሊጠብ ፈለገ፤ ሚስማሩ አልለቅ አለው፤ በመጨረሻም መካከሉ ተሰነጠቀ።

መድኀኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማድረቅ ነው። ሳንቃው ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየተጋደመ፥ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ይደረደራል። ጫፉ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ይቀባል። የቆየው የባለሙያዎች ልማድ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሆነ ሳንቃ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ ነው። ሚዛን ያለው ደግሞ ከሳንቃዎቹ አንዱን በየሳምንቱ ይመዝን፤ ክብደቱ መቀነሱን ያቆመ ዕለት እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል። ሁለተኛው መድኀኒት ለእንጨቱ መንቀሳቀሻ መተው ነው። ሰፊ ገበታ በኮላ አይታሰርም፤ በዙሪያው ባለው ማቀፊያ ውስጥ ቦይ ተቦርቡሮለት፥ ሲሰፋም ሲጠብም እንዲንሸራተት ልቅ ሆኖ ይገባል። ማቀፊያው ራሱ ግን በሚስማር ሳይሆን፥ የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ቀጥኖ በሌላው ላይ በመሮ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ቢገባ ዘመን ይሻገራል።

አባቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ኮላም ሚስማርም የለበትም። ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ደግሞ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወላገድም። ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

የእንጨቱ ዓይነት ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኛ ሁሉ «ዋንዛ ይሁንልኝ» ይላል። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች፥ መልኩም ያማረ ስለ ሆነ ምኞቱ አይነቀፍም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር፤ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተከትለዋል። እነዚህ ዛፎች እንዲህ የተጠበቁት እያለቁ በመሄዳቸው ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ይህ እንጨት ከየት መጣ?» ብሎ ሻጩን ይጠይቅ፤ ደንበኛውም ባለሙያውን ይጠይቅ። ሰው ተክሎ ያሳደገው ግራቪሊያና የፈረንጅ ጽድ በሚገባ ከደረቁ ያማረ ዕቃ ይወጣቸዋል። ባሕር ዛፍም ቢሆን፥ መጣመምና መሰንጠቅ ስለሚያበዛ ትዕግሥት ቢጠይቅም፥ ለጠንካራ እግርና ለወንበር አይናቅም።

ደግሞ በዛሬ ጊዜ የእጅ አናጢ ከፋብሪካ ከሚወጣው፥ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ ከሚሠራው ዕቃ ጋር ይወዳደራል። ያን ዕቃ አንነቅፍም፤ ቀጥ ያለ ነው፥ ቶሎ ይገኛል፥ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ነገር ግን ውሃ ሲገባው ያብጣል፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከተነቀለ እንደ ቀድሞው አይዝም፤ ቤት በተለወጠ ቍጥር ይላላል። የእጅ ባለሙያ በርካሽነት ልወዳደር ቢል ይሸነፋል። የእርሱ ብልጫ ሌላ ነው፤ ለጠባብ ቤት በልኩ ይሠራል፥ የተሰበረውን ይጠግናል፥ የሠራውም ዕቃ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ይህን ብልጫ ይዞ በፋብሪካ ዋጋ መሸጥ ግን የገዛ ድካምን በነጻ መስጠት ነው።

የዋጋው ነገር በቅርብ ዓመታት ይበልጥ ከብዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ተለውጦ ብር ከረከሰ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚመጣው ማጠፊያ፥ ቁልፍ፥ ኮላና ቫርኒሽ ዋጋው ጨምሯል። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን በዚያው ሳምንት ያልገዛ ባለሙያ፥ ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ዕቃ ላያገኝ ይችላል። እንግዲህ ፖስታው ለአደራ ብቻ ሳይሆን ለትርፍም ይጠቅማል ማለት ነው።

እስካሁን ባለሙያውን መከርን። አሁን ግን ወደ ራሳችን፥ ወደ ደንበኞች መመለስ ይገባናል። በዚያ ቀን ስሌቱን ከጨረስን በኋላ፥ «የእኛ መደርደሪያ እውነተኛ ዋጋው ስንት ነበር?» ብለን ቈጠርነው። ባለሙያው የራሱን ድካም በቀን 600 ብር ቢያስብ የ12 ቀኑ 7,200 ብር ነው። በ18,900 ላይ ሲደመር 26,100 ይሆናል። ለመሣሪያ መተኪያና ለብልሽት ዐሥረኛውን ቢጨምር ወደ 28,700 ብር ይደርሳል። እርሱ የጠየቀን 23,000 ነበር፤ እኛ ደግሞ ከዚያም ላይ 3,000 አስቀነስን። ያስቀነስነውም ድኾች ስለ ሆንን አልነበረም፤ መምህሩ ስለ ነበርንና ስለሚያፍረን ነው። ከቀብዱ ጐደሎ አንዱ በእኛ እጅ የተቈፈረ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ከዚህም የሚብስ አለ። ይህ ልጅ በክፍላችን ሳለ በሒሳብ ደከም ያለ ነበር። እኛም እንደ ብዙዎች መምህራን፥ «ካልተማርህ እንጨት ጠራቢ ሆነህ ትቀራለህ» እያልን አስፈራርተነዋል። እርሱ ይህን ቃል አልረሳውም፤ በዚያ ቀን እየሳቀ አስታወሰን፤ እኛ ግን አልሣቅንም። ጌታችን በናዝሬት ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት መሆኑን እያስተማርን፥ ያንኑ ሙያ ለሕፃን ማስፈራሪያ አድርገነዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ከጣልያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤትም የእጅን ሥራ ከዕውቀት ጋር ያስተምር ዘንድ የቆመ ነው። ነገር ግን አዋጅና ትምህርት ቤት ያላወጡት ንቀት በቤትና በክፍል ውስጥ ሲኖር አየነው። ክፍልፋይንና መቶኛን በሰሌዳ ላይ አስተማርነው፤ በሳንቃ ላይ ቢሆንለት ኖሮ ግን ምናልባት ደብተር የሚይዝ ባለሙያ ይሆን ነበር።

ስለዚህ እናንተ ዕቃ የምታሠሩ ወላጆች ሆይ፥ ዋጋ ስትከራከሩ ስለ ጭማሪው ተከራከሩ እንጂ የባለሙያውን እንጀራ አትንኩ። እንጨቱ ከተቈረጠ በኋላ ንድፍ አታስለውጡ፤ ብታስለውጡም ዋጋውን ክፈሉ። ቀሪውን ገንዘብ ዕቃው ቤታችሁ በገባበት ቀን ስጡ፤ «ነገ ና» አትበሉት። ልጃችሁ እጁ ለእንጨት ቢያዘነብል አትቈጡት፤ መላጊያውን ከደብተሩ ጋር ስጡት።

ያ ባለሙያ በማግስቱ የሙሽራውን አባት ራሱ ሄዶ እውነቱን ነገረው። ሰውየው ተቈጣ፤ የቁም ሣጥኑን ትእዛዝ ሰርዞ ገንዘቡን እንዲመልስ፥ አልጋውን ብቻ እንዲሠራ አዘዘው። ባለሙያው ገንዘቡን በሦስት ጊዜ መለሰ፤ አልጋውም ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀድሞ ደረሰ። የጾሙን ወራት አሁን በጥገና ሥራና ለከርሞ የሚሆነውን እንጨት በማድረቅ ያሳልፈዋል። ትክክለኛውን ዋጋና ትክክለኛውን ቀን መናገር ከጀመረ ወዲህ አንዳንድ ደንበኛ ጥሎት ወደ ሌላ ሄዷል፤ ኑሮውም ገና ጠባብ ነው። የእኛን መደርደሪያ ጀርባ ግን ፈትቶ፥ በደረቀ እንጨት ሠርቶ፥ በቦይ ውስጥ ልቅ አድርጎ መለሰልን። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎበታል፤ አልጮኸም።

ዕቃው በተጠገነ ጊዜ፥ ያስቀነስነውን 3,000 ብር ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን። በሩን የከፈተው ያው ልጅ ነው። ገና ሳንጠይቀው፥ «አባዬ ጓሮ ነው፤ ይግቡ» አለን።